ለዳይናኮ ስቴሪዮ 70 አዲስ ድራይቨር ቦርድ መሥራት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

እ.ኤ.አ. በ1959 የፊላደልፊያው ዳይናኮ ለገበያ ያወጣው ስቴሪዮ 70 በየቻናሉ 35 ዋት የሚሰጥ የቲዩብ አምፕሊፋየር ነው። ተገጣጥሞም ይሸጥ ነበር፣ ገዢው ቤቱ ወስዶ ራሱ እንዲገጣጥመውም በካርቶን ተበታትኖ ይሸጥ ነበር። አራት ኢኤል34 የኃይል ቲዩቦች፣ ሁለት 7199 ድራይቨር ቲዩቦች (ሲግናሉን አጎልብተው የኃይል ቲዩቦቹን የሚነዱ) እና አንድ ጂዜድ34 ሬክቲፋየር (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚለውጥ) አሉት። ትራንስፎርመሮቹ ዕድሜ ቢጠግቡም አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ናቸው። ቀድሞ የሚያረጀው መሃል ላይ የተቀመጠው ቡናማ ድራይቨር ቦርድ ነው፤ የዚህ እትም ጥያቄዎችም በእሱ ዙሪያ ናቸው።

ሁሉንም አንባቢ የሚመለከት አንድ ነገር እናስቀድም። ሻሲው (የብረት አካሉ) ውስጥ ከ400 ቮልት በላይ ዲሲ አለ፤ ገመዱ ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ውስጥ ይቆያል። ከመንካትዎ በፊት የ10 ኪሎኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር በተሸፈነ ክሊፕ ይዘው ከመጀመሪያው ፊልተር ካፓሲተር ወደ ሻሲው ለ10 ሰከንድ ያህል ያገናኙ። ከዚያ በቴስተር ለክተው ከ10 ቮልት በታች መውረዱን ሳያረጋግጡ እጅዎን አያስገቡ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ የግራው ቻናል ድምፅ ደክሟል፣ አንዳንዴም ይንጫጫል። ቦርዱ በቲዩቦቹ ዙሪያ ጠቁሯል። ቦርዱን መቀየር ይኖርብኛል ወይስ ቲዩብ ብቻ ይበቃል?

መልስ፦ ቦርዱን ከመንቀልዎ በፊት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይለዩ። ሁለቱን 7199 ግራና ቀኝ ያቀያይሩ። ድካሙ ወደ ቀኝ ቻናል ከሄደ ቲዩቡ ነው። ግራው ላይ ከቀረ ኢኤል34ዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርገው ያቀያይሩና ባያሱን (ቲዩቡ ያለ ሲግናል የሚያሳልፈውን ኤሌክትሪክ የሚወስነውን ኔጋቲቭ ቮልቴጅ) እንደገና ያስተካክሉ። አሁንም ችግሩ ከግራ ካልተነሣ ያኔ ቦርዱን መጠርጠር ተገቢ ነው።

የድሮው ቦርድ በሙጫ ከተነከረ ወረቀት የተጋገረ ነው። ለረጅም ዓመታት ሙቀት ሲበላው ይከስላል፤ የከሰለ ቦታ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። 7199 ውስጥ ሁለት ክፍሎች አሉ፦ ፔንቶድና ትራዮድ። ከፔንቶዱ ፕሌት (ከፍተኛ ቮልቴጅ ከሚያርፍበት እግር) ወደ ጎረቤቱ መስመር ጥቂት ጥቂት ሲፈስ መንጫጫቱ ይመጣል። የጠቆረውን ቦታ በመርፌ ጫፍ ይጫሩት። ጠንካራ ከሆነና ዱቄት ካልወጣው ቀለሙ ብቻ ነው የተለወጠው። ጥቁር ዱቄት ከወጣ ወይም የመዳቡ መስመር ከቦርዱ ከተላቀቀ ያ ቦርድ አገልግሎቱን ጨርሷል።

ቦርዱ ጤነኛ ከሆነ ቀጥሎ ሬዚስተሮቹን ይለኩ። የዚያ ዘመን የካርበን ሬዚስተሮች ሲያረጁ ዋጋቸው ይጨምራል፤ 270 ኪሎኦም የተጻፈበት 350 ቢያነብ አይግረምዎ። ሲለኩ አንዱን እግር ከቦርዱ ያላቅቁ፤ ካላላቀቁ ሌሎቹ ክፍሎችም በጎን ስለሚያስተላልፉ ንባቡ ከእውነተኛው ዋጋ ሊያንስ ይችላል። ከ10 በመቶ በላይ የሸሸውን ይቀይሩ።

ሙሉ ቦርድ መቀየር ካለብዎ ግን ለ7199 አይሥሩት። አሜሪካ ውስጥ ማምረቱ ከቆመ ረጅም ዘመን ሆኖታል፣ የቀረውም ውድ ነው። ምክራችን ይኸው ነው፦ ከዳይናኮ መሥራቾች አንዱ የሆነው ዴቪድ ሃፍለር የተወውን ሰርኪዩት እንዳለ ይጠብቁና ቲዩቡን ብቻ በቀላሉ ወደሚገኘው 6ጂኤች8ኤ ወይም 6ዩ8ኤ ይቀይሩ። ሰርኪዩቱ ከነዚህ ኦውትፑት ትራንስፎርመሮች ጋር ተስማምቶ የተሠራ ነው። አንድ ፔንቶድና አንድ ትራዮድ ብቻ በመሆኑ ለፊድባኩ (ከመውጫው ተመልሶ ወደ መግቢያው ደረጃ ለሚገባው ሲግናል) መረጋጋት ይመቻል። ብዙ ቲዩብ የጨመሩ የገበያ ቦርዶች ጥሩ የሚሠሩ አሉባቸው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ደረጃ የራሱን መዘግየት ይዞ ስለሚመጣ የማረጋጊያውን ሥራ የሠራው ሰው አውቆበት መሆኑን ማጣራት የገዢው ፈንታ ይሆናል።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ 6ጂኤች8ኤ ገዝቼ በ7199 ቦታ ሰካሁት፤ ልክ ገባ፣ ድምፅ ግን የለም። ቲዩቡ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ወዲያው ይንቀሉት። ሁለቱም ዘጠኝ ፒን ስለሆኑ ሶኬቱ ይቀበላቸዋል፣ የውስጥ አደራደራቸው ግን ይለያያል። ትራዮዱ በሁለቱም አንድ ነው፦ ፒን 1 ፕሌት፣ ፒን 8 ካቶድ (ኤሌክትሮን የሚለቀው)፣ ፒን 9 ግሪድ (ፍሰቱን የሚቆጣጠረው)። ሂተሩም (ካቶዱን የሚያሞቀው ክር) 4 እና 5፣ ስክሪኑም (የፔንቶዱ ሁለተኛ ግሪድ) 3 ላይ ነው። ልዩነቱ ሦስት ፒኖች ላይ ነው። በ7199 የፔንቶዱ ፕሌት ፒን 2፣ ካቶዱ ፒን 6፣ ግሪዱ ፒን 7 ነው። በ6ጂኤች8ኤ እና በ6ዩ8ኤ ግን ግሪዱ ፒን 2፣ ፕሌቱ ፒን 6፣ ካቶዱ ፒን 7 ነው። ስለዚህ እርስዎ ሲሰኩት ለፕሌት የታሰበው ከፍተኛ ቮልቴጅ በ270 ኪሎኦሙ በኩል ግሪዱ ላይ አርፏል። ሬዚስተሩ ትልቅ በመሆኑ ኃይሉ አነስተኛ ነው፤ ለአጭር ጊዜ ከሆነ ቲዩቡ ተርፎ ሊሆን ይችላል።

የድሮውን ቦርድ ለማቆየት ከፈለጉ መሸጋገሪያ ሶኬት ይሠራሉ። ከታች የሚሰካው ባለ ዘጠኝ ፒን መሠረት፣ ከላይ ደግሞ ሶኬት ይሆናል። የታችኛው 2 ወደ ላይኛው 6፣ የታችኛው 6 ወደ ላይኛው 7፣ የታችኛው 7 ወደ ላይኛው 2 ይሄዳል፤ የቀሩት ስድስቱ ቀጥ ብለው ያልፋሉ። የግሪዱን ሽቦ አጭር ያድርጉት፣ ከሂተሩ ሽቦም ያርቁት። የሂተር ፍላጎታቸው በሁለቱም 6.3 ቮልት፣ 0.45 አምፔር ስለሆነ ትራንስፎርመሩ ላይ የሚጨመር ሸክም የለም።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ ቦርዱን ራሴ ነድፌ ማሳተም እፈልጋለሁ። ምን ዓይነት ቁስ፣ ምን ዓይነት ክፍሎች ልጠቀም? ስህተት የሚበዛውስ የት ነው?

መልስ፦ ኮምፒውተር ላይ ከመቀመጥዎ በፊት ሶኬቶቹን ይግዙ። ለቦርድ የሚሠሩ ባለ ዘጠኝ ፒን የሴራሚክ ሶኬቶች እንደየአምራቹ የእግራቸው ስፋትና ርቀት ይለያያል። በካሊፐር ለክተው ይንደፉ። የዊንጮቹንና የሶኬቶቹን ቦታ ከድሮው ቦርድ ላይ ወረቀት አስቀምጠው በእርሳስ ይገልብጡ። የነደፉትን በትክክለኛ መጠኑ ወረቀት ላይ አትመው ሻሲው ላይ ያስቀምጡትና ሁሉም ቀዳዳ ሲገጥም ብቻ ወደ ማተሚያው ይላኩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሶኬቱን አቅጣጫ ነው። የቲዩብ መጽሐፍት ፒኖቹን የሚያሳዩት ከታች ሲታዩ ነው፤ ቁጥሩ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። በዚህ አምፕሊፋየር ግን ሶኬቱ የሚቀመጠው ክፍሎቹ ባሉበት በላይኛው ፊት ነው፤ ከዚያ ሲታይ ቁጥሩ ወደ ግራ ይዞራል። ይህን የዘነጋ ሰው 1 እና 9፣ 2 እና 8፣ 3 እና 7፣ 4 እና 6 የተለዋወጡበት ቦርድ ታትሞ ይመጣለታል። 5 ብቻ ቦታው ላይ ይገኛል። ያንን ቦርድ ማዳን የሚቻለው ሶኬቱን ከታች በኩል በመበየድ ነው፤ ያኔ ደግሞ ቲዩቡ ከሻሲው በላይ አይወጣም።

ቁሱ ኤፍአር-4 ፋይበርግላስ ይሁን። ውፍረቱ 2.4 ሚሊሜትር ቢሆን እንመርጣለን። የተለመደው 1.6 ሚሊሜትር ቲዩብ ሲሰካና ሲነቀል ይታጠፋል፣ መታጠፉ ሲደጋገምም የሶኬቱ ብየዳ ይሰነጠቃል። 1.6ን ካልቀየሩ በሁለቱ ሶኬቶች መካከል ተጨማሪ የዊንጭ ድጋፍ ያድርጉ። መዳቡ 70 ማይክሮን ቢሆን ክፍል ሲቀየር በቀላሉ አይላቀቅም። ከፍተኛ ቮልቴጅ በያዙ መስመሮችና በሌሎቹ መካከል ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ይተዉ። የፔንቶዱ ግሪድ መስመር በጣም አጭር ይሁን፤ ከፕሌቱ ጋር ጎን ለጎን አያስኬዱት። የሂተሩን ኤሌክትሪክ በቦርዱ መዳብ ላይ ባያሳልፉት ይሻላል። ሁለቱን ሽቦዎች በጥብቅ ጠምዝዘው ከታች በቀጥታ ወደ ፒን 4 እና 5 ያምጧቸው።

ወደ ክፍሎቹ እንምጣ፤ ቁጥሩ ለሁለቱም ቻናል ነው። 47 ኪሎኦም፣ 1 ዋት፣ 1 በመቶ የሜታል ፊልም አራት ያስፈልጋሉ። እነዚህ ትራዮዱ ሲግናሉን ለሁለት የሚከፍልባቸው የፕሌትና የካቶድ ሬዚስተሮች ናቸው። የሁለቱ ኢኤል34 እኩል መገፋት የሚወሰነው በነሱ እኩልነት ስለሆነ አሥር ገዝተው ይለኩና እርስ በርስ የሚቀራረቡትን ጥንድ በአንድ ቻናል ያድርጉ። 47 በትክክል መሆናቸው ሳይሆን ጥንዶቹ እኩል መሆናቸው ነው ቁም ነገሩ። ለፔንቶዱ ፕሌት 270 ኪሎኦም፣ 1 ዋት ሁለት። የሚባክንበት ኃይል ከ0.2 ዋት በታች ቢሆንም ትንሹ ሩብ ዋት ሬዚስተር ብዙውን ጊዜ የሚችለው 250 ቮልት ብቻ ነው፤ አምፕሊፋየሩ ሲነሣ ደግሞ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ለስክሪኑ 1.5 ሜጋኦም፣ ግማሽ ዋት ሁለት፤ ከሱ ጋር 0.047 ማይክሮፋራድ፣ 630 ቮልት ሁለት። ለካቶዱ 620 ኦምና 47 ኦም ሁለት ሁለት። ለመግቢያው 470 ኪሎኦም ሁለት። ለኢኤል34 ግሪዶች 270 ኪሎኦም አራት፣ 1 ኪሎኦም አራት። ሲግናሉን ወደ ኢኤል34 የሚያሻግሩት 0.1 ማይክሮፋራድ፣ 630 ቮልት የፖሊፕሮፒሊን ካፓሲተሮች አራት።

የፊድባኩን 1 ኪሎኦም ሬዚስተር ብዙ ሰው እንደ ተራ ክፍል ያየዋል። አምፕሊፋየሩ 35 ዋት ሲሰጥ 16 ኦም መውጫው ላይ ወደ 24 ቮልት ኤሲ ይኖራል፤ ያ በዚህ ሬዚስተር ላይ ግማሽ ዋት ያህል ሙቀት ነው። ግማሽ ዋት የሚችል ቢያስገቡ በአቅሙ ጫፍ ላይ ይሠራል ማለት ነው። 2 ዋት ያስገቡ።

በፒኮፋራድ የሚቆጠሩትን ትንንሾቹን ካፓሲተሮች ከድሮው ቦርድ ላይ ዋጋቸውን አንብበው፣ ከየት ወደ የት እንደሚሄዱ ጽፈው፣ በ500 ቮልት ሲልቨር ማይካ ይተኳቸው። «ያለነሱም ይሠራል» የሚሉ አሉ፤ እሱን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ቦርዱን በ60/40 ሶልደር በ350 ዲግሪ ገደማ ይበይዱ። ሲጨርሱ የቀረውን ሙጫ በአይሶፕሮፒል አልኮልና በጥርስ ብሩሽ ያጽዱ። ሙጫው እርጥበት ሲይዝ በሜጋኦሞቹ ዙሪያ ለኤሌክትሪክ መንገድ ይሆናል። ትልልቆቹን ካፓሲተሮች ወደ ቦርዱ መሃል ያስጠጉ፤ ኢኤል34ዎቹ አጠገብ ያለው ሙቀት ዕድሜያቸውን ያሳጥራል።

ከዚያው ከሲያትል ሁለተኛ ጥያቄ፦ ከተገጠመ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዴት ላብራው?

መልስ፦ ስፒከር አያገናኙ። በየቻናሉ 8 ኦም፣ 50 ዋት ሬዚስተር ስፒከሩን ተክቶ ይግባ። የፊድባኩን ሽቦ ከ16 ኦም መውጫው ላይ ነቅለው በቴፕ ይሸፍኑት። ቲዩቦቹን በሙሉ ያውጡ።

መጀመሪያ ያለ አንድም ቲዩብ ያብሩትና የኢኤል34 ሶኬቶችን ፒን 5 ይለኩ። በአራቱም ላይ ኔጋቲቭ ቮልቴጅ መኖር አለበት፤ የባያሱን ማስተካከያ ሲያዞሩም መለዋወጥ አለበት። ወደ ከፍተኛው ኔጋቲቭ ያዙሩትና እዚያው ይተዉት። አንዱ ፒን እንኳ ዜሮ ካሳየ የባያሱ ሽቦ ቦርዱ ላይ ወደ ተሳሳተ ቀዳዳ ገብቷል ወይም አልተበየደም። ያንን ሳያዩ ቲዩብ ከሰኩ ኢኤል34ው በሰከንዶች ውስጥ ፕሌቱ እንደ ፍም ይቀላል፤ ኦውትፑት ትራንስፎርመሩንም ይዞት ሊሄድ ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለዚህ ደረጃ ነው። የባያሱን አሮጌ ሰሌኒየም ሬክቲፋየርም በ1ኤን4007 ዳዮድ ይተኩት። አቅጣጫውን ካገላበጡት ፖዘቲቭ ስለሚያወጣ ለክተው ሳያረጋግጡ አይለፉ።

ቀጥሎ አምፕሊፋየሩን ከ100 ዋት ባለ ክር አምፖል ጋር በተከታታይ ያገናኙና ሁሉንም ቲዩብ ይሰኩ። አምፖሉ ደመቅ ብሎ ከጀመረ በኋላ ከደበዘዘ ደህና ነው። በሙሉ ብርሃኑ ከቀጠለ አጭር ዙር አለ፤ ያጥፉ። የኤልኢዲ አምፖል ለዚህ ሥራ አይሆንም። ካለፈ በኋላ አምፖሉን ያውጡና በሙሉ ቮልቴጅ ያብሩ።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ የሚያነቧቸው እነዚህ ናቸው። የትራዮዱ ማቅረቢያ ወደ 375 ቮልት፣ የፔንቶዱ ከዚያ አነስ ብሎ ከ300 በላይ። የፔንቶዱ ፕሌት ወደ 95 ቮልት፣ የትራዮዱ ካቶድ ከሱ ጥቂት ከፍ ብሎ ወደ 100፣ የትራዮዱ ፕሌት ወደ 275። ካቶዱ 100 ከሆነ በ47 ኪሎኦም 2.1 ሚሊአምፔር ያልፋል። ያው ሚሊአምፔር በላይኛው 47 ኪሎኦም ላይም ስለሚያልፍ ከ375 ላይ 100 ይቀንሳል። ሁለቱ ቅናሾች እኩል ካልሆኑ ሬዚስተሩ ተሳስቷል ወይም አንድ ካፓሲተር እያፈሰሰ ነው።

የ6ጂኤች8ኤ ፔንቶድ ከ7199 ትንሽ ስለሚለይ የፕሌቱ ቮልቴጅ ሊሸሽ ይችላል። ከ90 እስከ 110 ባለው ውስጥ ከሆነ አይነካኩት። ወደ 60 ከወረደ ትራዮዱ ወደ ታች ለመወዛወዝ ቦታ ስለሚያጣ ድምፁ ከፍ ሲል ቀድሞ ይቆረጣል፤ የስክሪኑን 1.5 ሜጋኦም ወደ 1.8 ያሳድጉት። ከ120 ካለፈ ወደ 1.2 ይቀንሱት። በ620 ኦሙ ለማስተካከል ግን አይሞክሩ፤ ፊድባኩ የሚገባው በዚያ በኩል ስለሆነ አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላውን ያዛባሉ።

ባያሱ የሚነበበው ለሁለት ኢኤል34 የጋራ በሆነው 15.6 ኦም ሬዚስተር ላይ ነው። የዳይናኮ ቁጥር 1.56 ቮልት ነው፦ ለሁለቱ 100፣ ለአንዱ 50 ሚሊአምፔር። በ435 ቮልት ያ ለአንድ ቲዩብ ወደ 22 ዋት ይሆናል፤ የኢኤል34 ጣሪያ 25 ነው። ዛሬ የግድግዳው ቮልቴጅ ከዚያን ጊዜው ከፍ ብሎ ስለሚገኝና የፓወር ትራንስፎርመሩም ድሮም ሙቅ ስለሆነ 1.25 ቮልት ላይ እንዲያቆሙ እንመክራለን፤ ለአንድ ቲዩብ 40 ሚሊአምፔር ነው። በጆሮ የሚለይ ነገር አይቀንስም።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ አዲሱን ቦርድ ገጠምኩ። ቲዩቦቹ ሲሞቁ ከስፒከሩ ከባድ ጩኸት ወጣ፣ አጠፋሁት። የድሮው ቦርድ እንዲህ አያደርግም ነበር።

መልስ፦ በፍጥነት ማጥፋትዎ ጥሩ ነው። ፊድባኩ መቀነስ ሲገባው እየጨመረ ነው። የሚረጋገጠው እንዲህ ነው፦ የፊድባኩን ሽቦ ነቅለው፣ የ8 ኦሙን ሬዚስተር አድርገው፣ ከስልክ 400 ኸርዝ ድምፅ በጣም ዝቅ አድርገው ያስገቡ። 400 የምንለው ርካሽ ቴስተሮች ከዚያ በላይ ያለውን ኤሲ በትክክል ስለማያነቡ ነው። መውጫው ላይ 2 ቮልት ያህል ይምጣ። አጥፍተው ፊድባኩን ያገናኙና እንደገና ያብሩ። ትክክል ከሆነ ንባቡ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ከጨመረ ወይም ከጮኸ አቅጣጫው ተገልብጧል።

ብዙ መመሪያ የኦውትፑት ትራንስፎርመሩን ሽቦዎች አለዋውጥ ይላል፤ ለእርስዎ ግን አንመክረውም። በድሮው ቦርድ በትክክል ይሠራ ከነበረ የትራንስፎርመሩ ሽቦዎች በቦታቸው ናቸው፣ የተገለበጠው አዲሱ ቦርድ ነው። ከትራዮዱ ፕሌት የሚነሣው 0.1 ማይክሮፋራድ በድሮው ቦርድ ወደ የትኛው ኢኤል34 ይሄድ እንደነበር ያረጋግጡና ሁለቱን መውጫዎች እዚያው ቦርዱ ላይ ያለዋውጡ። የአንድ ቻናል ሁለት ኢኤል34 አንድ ባያስ ስለሚጋሩ መለዋወጡ ሌላ ነገር አያዛባም። የትራንስፎርመሩን ሽቦ መለዋወጥ ትክክል የሚሆነው ትራንስፎርመሩ ተነቅሎ የነበረ እንደሆነ ነው። ያኔም ሰማያዊውንና ሰማያዊ ነጩን ፒን 3 ላይ ሲለዋውጡ አረንጓዴውንና አረንጓዴ ነጩንም ፒን 4 ላይ አብረው መለዋወጥ አለብዎ። አንዱን ጥንድ ብቻ ከለወጡ ስክሪኖቹ ከተቃራኒው ወገን ይመገባሉ፣ ሁኔታውም ይብሳል።

የማይሰማ ጩኸትም አለ። ምንም ሳይገባ መውጫው ላይ ኤሲ ከተነበበ፣ ባያሱም አልረጋ ካለ፣ አምፕሊፋየሩ ከጆሮ በላይ በሆነ ፍጥነት እየተወዛወዘ ሊሆን ይችላል። ትንንሾቹን ፒኮፋራዶች የተዉ ሰዎች የሚገጥማቸው ይህ ነው። የስፒከሩን ትዊተር ሳያሰማ ያቃጥላል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ከዋሽንግተን የመጣ ስቴሪዮ 70 አለኝ። በ220 ቮልት እንዴት ልጠቀምበት? ቦርዱንስ እዚህ መሥራት ይቻላል?

መልስ፦ የቮልቴጅ መቀነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልግዎታል፤ ከ300 ቪኤ ያላነሰ ይሁን። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ፍሪኩዌንሲውን ነው። አሜሪካ 60 ኸርዝ፣ እኛ ዘንድ 50 ነው። ለ60 ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ብረቱ በማግኔት ይሞላል፣ ይሞቃል፣ ያጉረመርማል። በመለያው ላይ 50/60 የሚል ከሌለ መቀነሻውን 110 ቮልት ላይ ያድርጉት። ሂተሮቹ ወደ 5.9 ቮልት ይወርዳሉ፤ ከ5.7 በታች እስካልሆኑ ድረስ ይሠራሉ። በ120 ቮልት አያብሩት። ለአንድ ሰዓት ሠርቶ የፓወር ትራንስፎርመሩ እጅ የማያስቆም ከሆነ መፍትሔው በ230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የተሠራ ምትክ ትራንስፎርመር መግጠም ነው። ገመዱንም ባለ ሦስት ሽቦ አድርገው ሻሲውን ከመሬት ጋር ያገናኙ፤ የድሮው ባለ ሁለት ነው። መብራት ሲሄድ ደግሞ ማጥፊያውን ወዲያው ያጥፉ። ሲመለስ ቮልቴጁ ከፍና ዝቅ እያለ ቢመጣ አምፕሊፋየሩ አያየውም።

ቦርዱን በተመለከተ ማሳተም ካልቻሉ ነጠላ ፊት የሆነ መዳብ የተለበደ ፋይበርግላስ በፌሪክ ክሎራይድ እየጠረቡ መሥራት ይቻላል። ከላይ ያልናቸው ርቀቶችና የአቅጣጫው ማስጠንቀቂያ እንዳሉ ናቸው። ሰርኪዩቱ ትንሽ ስለሆነ መስመር ሳይሻገር ይነደፋል፤ ቢበዛ አንድ ሁለት ሽቦ ድልድይ ይፈልጋል። በቀጭኑ ቡናማ ቦርድ ግን አይሥሩት፤ መጀመሪያ የተቃጠለውን ነው መልሰው የሚያመጡት።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ ቦርዱን ስቀይር ኢኤል34ዎቹን በኬቲ88 ብተካ ኃይሉ ይጨምራል?

መልስ፦ አይጨምርም። ኃይሉን የሚወስኑት ትራንስፎርመሮቹ ናቸው። ኬቲ88 ከ1.5 ይልቅ 1.6 አምፔር ሂተር ይፈልጋል፤ ባያሱም ይበልጥ ኔጋቲቭ መሆን ስላለበት የዚህ አምፕሊፋየር ባያስ ላይደርስለት ይችላል። ኢኤል34 ይተዉለት።

ጥያቄ (ከነታንያ፣ እስራኤል)፦ ቦርዱን ከቀየርኩ በኋላ ሁለቱም ቻናል ያጉረመርማሉ፤ አንደኛው ደግሞ ባያሱ ሲሞቅ እየጨመረ ይሄዳል።

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ለማጉረምረሙ መጀመሪያ ድምፁን ይለዩ። ወፍራምና ለስላሳ ከሆነ 50 ኸርዝ ነው፣ ከሂተር ወይም ከግራውንድ ይመጣል። ሸከር ያለ ከሆነ 100 ኸርዝ ነው፣ ከፊልተር ካፓሲተሮቹ ይመጣል። አጥፍተው ድራይቨር ቲዩቦቹን ያውጡና እንደገና ያብሩ። ማጉረምረሙ ከቆመ ምንጩ ቦርዱ ወይም መግቢያው ነው። ከቀጠለ ምንጩ ከቦርዱ በኋላ ነው።

አዲስ ቦርድ ላይ የሚበዛው የግራውንድ ስህተት ነው። የመግቢያው ግራውንድ በሻሲው በኩል አንድ፣ በቦርዱ በኩል ሌላ መንገድ ሲያገኝ ዙር ይፈጠራል። ቦርዱን ከሻሲው የሚያያይዙት ዊንጮች መዳቡን የሚነኩ ከሆነ በፕላስቲክ ቀለበት ይለዩአቸውና ግራውንዱ በአንድ ሽቦ ብቻ ይሂድ። የሂተሩ መስመር ለግራውንድ ያለው ግንኙነት በቦርዱ ቅየራ ተቆርጦ እንደሆነም ይዩ። የመሃል ሽቦ ከሌለው ከየሂተሩ ጫፍ ወደ ግራውንድ 100 ኦም፣ ግማሽ ዋት ሬዚስተር ሁለት ማድረግ ይበቃል።

ባያሱ የሚንሸራተተው አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈስ 0.1 ማይክሮፋራድ ስላለ ነው፤ አሮጌዎቹን ወደ አዲሱ ቦርድ አዛውረው እንደሆነ መጀመሪያ እነሱን ይጠርጥሩ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከትራዮዱ ፕሌት 10 ማይክሮአምፔር ብቻ ቢያፈስ በ270 ኪሎኦም ላይ 2.7 ቮልት ይሆናል፤ የኢኤል34ው ባያስ በዚያው ልክ ይሸረሸራል። አጥፍተው የካፓሲተሩን የኢኤል34 ወገን እግር ከቦርዱ ያላቅቁ። አብርተው ከዚያ እግር ወደ ግራውንድ በቴስተር ዲሲ ይለኩ። ንባቡ ብቅ ብሎ ወደ ዜሮ ከወረደ ጤነኛ ነው። ጥቂት ቮልት ላይ ከቆመ ይጣል፤ ጓደኛውንም አብረው ይቀይሩ። ሁለቱም ንጹሕ ከሆኑ ኢኤል34ዎቹን ከጤነኛው ቻናል ጋር ያቀያይሩ፤ መንሸራተቱ አብሮ ከሄደ ጋዝ የገባበት ቲዩብ ነው።